ሃያ ዓመት ያልተሰማው ቤዝ

«ዴዝ» የሚባል የፍሎሪዳ ባንድ ነበር። በ1991 «ሂውማን» የተባለ አልበም አወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ስምንት ሙዚቃ ብቻ ነው፤ ተደምሮ 35 ደቂቃ አይሞላም። ዓይነቱ ፕሮግሬሲቭ ዴዝ ሜታል ይባላል። ድምፃዊው እየጎረነነ ይጮኻል፣ ድራሙ ፋታ አይሰጥም፣ ጊታሩ ይከብዳል። በዚያው ውስጥ ደግሞ ከጃዝ የመጡ ኮርዶችና በየመሃሉ የሚቀያየር ምት አለ። ላልለመደው ጆሮ ከባድ ነው። እኔ እዚህ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ለመድኩት፤ አሁን ከምወዳቸው ሥራዎች አንዱ ነው።

ይህ አልበም ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ2011፣ ሪላፕስ በተባለ አሳታሚ ልዩ እትም ሆኖ እንደገና ወጣ። ባለ ሁለት ሲዲ አለው፤ ባለ ሦስት ሲዲም አለው። ድምፃዊው ሳይገባባቸው የተቀዱ የስቱዲዮ ቅጂዎችና ዴሞዎች (የሙከራ ቅጂዎች) ተጨምረውበታል። ትልቁ ነገር ግን አልበሙ ራሱ እንደ አዲስ ሚክስ መደረጉ፣ ማለትም የየመሣሪያው ድምፅ እንደገና ተመጣጥኖ መቀናጀቱ ነው። የሠራው ጂም ሞሪስ የተባለ ባለሙያ ሲሆን፣ ሥራው የተሠራው ድሮ አልበሙ በተቀዳበት በፍሎሪዳዋ የታምፓ ከተማ፣ በሞሪሳውንድ ስቱዲዮ ነው።

በመጀመሪያው እትም ላይ ቤዙ (ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጠው ጊታር) አይሰማም ማለት ይቻላል። ቤዝ የተጫወተው ስቲቭ ዲጆርጂዮ ነው። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ስሙ በአክብሮት የሚጠራ ሰው ነው። ጣቶቹ ምን ያህል እንደሠሩ ግን አድማጩ ለ20 ዓመት በደንብ አልሰማም። ጊታሩና ድራሙ ውጠውት ነበር። በአዲሱ ሚክስ ብቅ አለ። የድሮውን ሚክስ የሚመርጡ አድማጮች አሉ፤ አልከራከራቸውም፣ የለመዱት ድምፅ ነው። እኔ ግን ያ ቤዝ ሲወጣ ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። ሰውየው የሠራው ሥራ ተመለሰለት።

ይህ ሊሆን የቻለው እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው በየራሱ ትራክ ስለተቀዳ ነው። ያ ቴፕ ደግሞ ተቀምጧል። ማስቀመጥ ብቻውን እንኳ ቀላል ሥራ አይደለም። አንዳንድ የድሮ ቴፕ ዓመታት ሲያልፉ እርጥበት ይስብና ይጣበቃል። እንዲሁ ቢያጫውቱት ይላጣል። ባለሙያዎቹ መጀመሪያ በ50 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ለሰዓታት አሙቀው ያደርቁታል፤ ወደ ዲጂታል የሚገለብጡት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ ሰው ይህንን ሁሉ የሚደክመው ቴፑ ውስጥ ያለው ነገር የማን እንደሆነና ምን እንደሆነ ካወቀ ነው።

ማን ምን እንደሠራ ደግሞ በዝርዝር ተጽፏል። ጊታርና ድምፅ ቸክ ሹልዲነር። ሁለተኛ ጊታር ፖል ማስቪዳል፣ ድራም ሾን ራይነርት፤ ሁለቱም ያኔ 20 ዓመት ገደማ የሆናቸው ልጆች ነበሩ። ፕሮዲዩሰሮቹ ስኮት በርንስና ራሱ ቸክ። «ኮስሚክ ሲ» በተባለው ያለ ድምፃዊ በሚሄደው ሙዚቃ ላይ ቤዝ የተጫወተ ሌላ ልጅ አለ፤ ስኮት ካሪኖ ይባላል። አንድ ሙዚቃ ላይ ነው የገባው። እሱም ስሙ ተጽፎለታል።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ ወደ አገር ቤት የሚሄደው።

የኛን የካሴት ዘመን አስቡት። ሽፋኑ ላይ የድምፃዊው ፎቶ ጎልቶ ይታያል። ከታች ግጥምና ዜማ የማን እንደሆነ ይጻፋል። የአጃቢው ባንድ ስም ይኖራል፣ አንዳንዴም የአቀናባሪው። ሳክስፎኑን የነፋው ማነው? ድራሙን የመታው? ብዙ ጊዜ የለም። «ባንዱ» ነው፣ አለቀ። ዘፈኑን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየሠርጉ ጨፍረንበታል። መግቢያውን በሳክስፎን የነፋውን ሰው ግን በመንገድ ቢያልፍ አናውቀውም።

አዲስ አበባ የማውቃቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። በወጣትነታቸው በሆቴል ባንዶች ውስጥ ቤዝ ይጫወቱ ነበር። በስልክ ስናወራ «ጋሼ፣ በስንት ካሴት ላይ ተጫውተዋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ኧረ እኔ እንጃ ልጄ! ስንቱን ልቁጠረው?»

«ስምዎ የተጻፈበትስ የለም?»

«የባንዱ ስም አለ። የኔን ማን ይጽፈዋል? ያኔ ተጫውተህ፣ ሂሳብህን ተቀብለህ፣ ወደ ቤትህ ነው።»

ቅሬታ አልነበረባቸውም። እንዲህ ነው የሚሆነው በሚል ድምፅ ነው የነገሩኝ። እኔን ግን አንገበገበኝ። ከዚያ ወሬያችን መሃል አንድ ካሴት ጠሩልኝ። በልጅነቴ ቤታችን ውስጥ ሳይከፈት የማይዋል ካሴት ነው። የዚያን ቤዝ መስመር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአፌ ልወጣው እችላለሁ። የማን እጅ እንደሆነ ያወቅሁት ግን በዚያ ስልክ ነው።

ስም ብቻ አይደለም የጎደለው። በዚያን ዘመን ብዙ ጊዜ ባንዱ አንድ ላይ ሆኖ ነው የሚቀዳው፤ ስለዚህ ቤዙን ለብቻው ላውጣው ቢሉ የሚነጠል ነገር የለም። ማስተሩም፣ ማለትም ዋናው ቅጂ፣ የሙዚቃ ቤቱ ይሆናል። ዘፋኙ አንድ ጊዜ ይከፈለዋል፣ በዚያው ይሸኛል። ሙዚቃ ቤቱ ሲዘጋ፣ ባለቤቱ ሲሞት ወይ አገር ሲለቅ ቴፑ የት እንደገባ የሚያውቅ ይጠፋል። የዘፋኙ ልጆችም ውል አያገኙም፤ ውሉ ቃል ብቻ የነበረበትም ጊዜ አለ።

ይህን ሁሉ በግዴለሽነት የመጣ አድርጎ ማየት ግን ትክክል አይመስለኝም። የአምሃ እሸቴን ታሪክ ተመልከቱ። ሸክላ ማሳተም ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ በነበረበት ጊዜ፣ በ1969 ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። አገር ውስጥ የሸክላ ፋብሪካ ስላልነበረ ሥራውን ውጭ አገር ልኮ ነበር የሚያሳትመው። በስድስት ዓመት ውስጥ የዘመኑን ታላላቅ ድምፃውያን አሳተመ። በ1975፣ አብዮቱ ከመጣ በኋላ፣ አገሩን ጥሎ ወጣ። መጠበቅ የሚችሉ ሰዎች ሲበተኑ ሥራቸውም አብሮ ይበተናል። ፍሎሪዳ ያለው ስቱዲዮ 20 ዓመት ሙሉ በሰላም በሩን እየከፈተ ሥራውን ይሠራ ነበር። ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ከሰው ጠባይ ጋር የሚያያዘው በጥቂቱ ነው።

ውጭ አገር ሁሉ ነገር ይጠበቃል የሚለውንም አልቀበለውም። በ2008 ሆሊውድ ውስጥ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ግቢ ሲቃጠል የሙዚቃ ማስተሮች የነበሩበት መጋዘን አብሮ ነደደ። የጥፋቱ ስፋት ለሕዝብ የተነገረው ከ11 ዓመት በኋላ በጋዜጣ ምርመራ ነው። ነጋዴነቱም አለ። አንዱን አልበም በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በብርማ ሸክላ እያተሙ ለዚያው ለገዛው ሰው መልሶ መሸጥ አይጥመኝም።

ቸክ ሹልዲነርም ቢሆን በሕይወቱ የተመቸው ሰው አልነበረም። በ1999 አንጎሉ ውስጥ እጢ ተገኘበት። ለሕክምናው የሙያ ጓደኞቹና አድማጮቹ ገንዘብ ሲያዋጡ ነበር። በ2001 መጨረሻ በ34 ዓመቱ ሞተ። የታመመ አርቲስት ለማሳከም መዋጮ ሲጠራ አገር ቤት ስንት ጊዜ አይተናል? ሀብታሙ አገር ውስጥም ያው ነው። ከሞተ በኋላ ግን ሥራው ባለቤት አላጣም። ቤተሰቡና ጠበቃው መብቱን ይዘው ቆዩ፤ አሳታሚውም አልበሞቹን አንድ በአንድ አወጣቸው። እኛ ጋ የጎደለው ይህ ሁለተኛው ነገር ነው።

የኛን ሙዚቃ እንደገና በማሳተም በኩል እስካሁን በስፋት የሠሩት ፈረንጆች ናቸው። በ1997 በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አሰናጅነት የጀመረው «ኢትዮፒክስ» ከ30 ቅጽ በላይ ሆኗል። አመሰግናቸዋለሁ፣ ከልቤ ነው። ግን የማብራሪያው ጽሑፍ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሙዚቃውን የተጫወቱት ሰዎች ልጆች የአባታቸውን ታሪክ በአማርኛ የሚያነቡበት እትም ቢኖር እንዴት ጥሩ ነበር!

ከሁሉም የኃይሉ መርጊያ ነገር ይገርመኛል። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮናቸውን፣ ኪቦርዳቸውንና የድራም ማሽን ይዘው ለብቻቸው አንድ ካሴት ቀዱ። ከዚያ ዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ነዱ። ተሳፋሪ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። ካሴቱን ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር አገኘው፤ ባለቤቱን አፈላልጎ ደወለላቸውና በ2013 እንደገና አሳተመው። ያንን ተከትሎ ወደ መድረክ ተመለሱ፣ ዓለምን ዞሩ፣ በ2018 ደግሞ «ላላ በሉ» የሚል አዲስ አልበም አወጡ። ቸክ የራሱን አልበም አዲስ ሚክስ ሳይሰማ ነው የሞተው። ኃይሉ ግን ስልኩ ሲጠራ ራሳቸው አነሱት።

እንደሳቸው ስልክ የሚያነሱ ሰዎች ገና አሉን። በሚቀጥለው ጊዜ ጋሼ ጋ ስደውል ካሴቶቹን እያጫወትኩ አሰማቸዋለሁ። ድራም ላይ ማን ነበር፣ ኪቦርድ ላይ ማን ነበር፣ የት ተቀዳ፣ ያስታወሱትን ሁሉ እጽፋለሁ። እናንተም ቤታችሁ የድሮ ካሴት ካለ የሽፋኑን ወረቀት ፊትና ጀርባውን ፎቶ አንሱት። በየቤተሰባችሁ ሙዚቃ የተጫወተ ሰው ካለም በየትኛው ዘፈን ላይ እንደነበረ ጠይቁና ከነስሙ ጻፉት።