የምናቡ ኅብረት ዋና ከተማው ድሬዳዋ ባይሆን እመርጣለሁ

ኢትዮጵያን፣ ጅቡቲን፣ ሶማሊያንና ኤርትራን በአንድ ቀለም የቀቡ ካርታዎች ኢንተርኔት ላይ ይዘዋወራሉ። ታሪክ በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ብለው የሚያስቡ ወጣቶች የሚሠሯቸው ናቸው። አገሪቱ የምናብ ናት። ባንዲራ አላት፣ ፓርላማ አላት፣ የጋራ ገንዘብ አላት። ዋና ከተማዋን ድሬዳዋ የሚያደርጉም አሉ። ምክንያታቸው አይጠፋኝም። ድሬ ለባሕሩም ለደጋውም ትቀርባለች። ሰዉ ወሬውን በኦሮምኛ ጀምሮ፣ በሶማሊኛ ቀጥሎ፣ በአማርኛ ይጨርሰዋል። ባቡሩም አለ።

የድሬ ልጅ ነኝና ሐሳቡ ደስ ይለኛል። ዋና ከተማነቱን ግን አልፈልገውም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

እንዲህ ያለው ኅብረት ጭራሽ ተረት አይደለም። አንዴ ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ነበር። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የኩባው መሪ ፊደል ካስትሮ በደቡብ የመን ዋና ከተማ ኤደን ላይ መንግሥቱ ኃይለማርያምንና የሶማሊያውን መሪ ዚያድ ባሬን አገናኟቸው። ያቀረቡት ሐሳብ ዛሬ ካርታ ከሚሠሩት ልጆች ሐሳብ ብዙም አይርቅም። ኢትዮጵያ፣ ሶማሊያና ደቡብ የመን አንድ የሶሻሊስት ፌዴሬሽን ይሁኑ፤ ጅቡቲም ነፃ ስትወጣ ትግባበት፤ ኦጋዴንና ኤርትራ የራስ አስተዳደር ያግኙ የሚል ነበር። ዚያድ ባሬ የኦጋዴን ጉዳይ ይቅደም አሉ። ስብሰባው ያለ ውጤት ተበተነ። ካስትሮ ከዚያ ጉዞ በኋላ ምሥራቅ በርሊን ሄደው በዚያድ ባሬ ላይ ያላቸውን ቅሬታ ለምሥራቅ ጀርመኑ መሪ ለሆኔከር ነገሯቸው።

አራት ወር ሳይሞላ ነገሩ በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል ወደ ጦርነት ዞረ። የባቡር ድልድዮች ፈረሱ፤ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ። ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ራሷ ተጠቃች። ጅግጅጋ ተያዘች፤ ሐረር ደጃፍ ላይ ለወራት ተዋጉ። ከ15,000 በላይ የኩባ ወታደሮች ኢትዮጵያን ሊረዱ መጡ። የፌዴሬሽን ሐሳብ ይዘው የመጡት ካስትሮ፣ ዓመት ሳይሞላ ጦር ላኩ።

ታሪኩን ከኤደን ማጠፍ ይቻላል። ዚያድ ባሬ እሺ ብለው ፈረሙ እንበል። ጦርነቱ አልተነሣም። ካራማራ የተራራ ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። የሁለቱም አገር ልጆች ቤታቸው አደሩ። ለዚህ ብቻ ሲባል ያ ፌዴሬሽን ያስመኛል። ግን ዕድሜው አጭር ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ። ሁለቱም መሪዎች ሥልጣን ላይ የወጡት በጠመንጃ ነው። ሁለቱም በገዛ አገራቸው ተቀናቃኝ አያስቆሙም ነበር። እንዲህ ያሉ ሰዎች በጋራ ቤት ውስጥ ሁለተኛ ሆነው ለመቀመጥ እንዴት ይስማማሉ? ጠረጴዛው ዙሪያ ነጋዴ አልነበረም። የባቡር ሠራተኛ አልነበረም። በመንገዱ የሚኖር ሰው ሳይጠየቅ የሚፈረም ኅብረት በፈራሚዎቹ ዕድሜ ልክ ነው የሚኖረው።

ሌላውን ሙከራ ደግሞ የራሳችን ታሪክ ይነግረናል። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በተባበሩት መንግሥታት ውሳኔ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቀለች። የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ፣ የራሷ የሥራ ቋንቋዎች ነበሯት። ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በእኩል ቁጥር የሚቀመጡበት የፌዴራል ምክር ቤትም ተደንግጎ ነበር። ግን ሥልጣን አልተሰጠውም፤ ሥራው ማማከር ብቻ ነበር። የፌዴሬሽኑ መንግሥት ሲባል በተግባር አዲስ አበባ ያለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር። የኤርትራ ባንዲራ ወረደ። ትግርኛና ዓረብኛ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው አማርኛ ገባ። በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ጦርነቱ 30 ዓመት ፈጀ።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ታሪክ ስናነሣ የምናወራው ስለ ባሕር በር ማጣት ነው። በእጃችን የነበረ ኅብረት በእኛው መንግሥት እጅ እንደፈረሰ ብዙ አንናገርም። ስለ ምናባዊ ኅብረት የሚያስብ ኢትዮጵያዊ ከዚህ ሐቅ መጀመር አለበት ባይ ነኝ። ካርታውን ማስፋት ቀላል ነው። ከባዱ ትልቁን አባል የሚያስር ሕግ ማውጣት ነው። ዛሬ ኢትዮጵያ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ አላት። ጅቡቲ አንድ ሚሊዮን አካባቢ ናት። በሰው ቁጥር ድምፅ የሚሰጥ ፓርላማ ለጅቡቲ ኅብረት አይሆንላትም፤ መዋጥ ነው የሚሆንባት።

አውሮፓውያን ይህን ነገር ገና ሲጀምሩ አስበውበታል። እ.ኤ.አ. በ1951 ስድስት አገሮች የድንጋይ ከሰልና ብረት ማኅበራቸውን ሲመሠርቱ ባንዲራ አላስቀደሙም። ጀርመንና ፈረንሳይ የሚዋጉበትን ዕቃ፣ ከሰሉንና ብረቱን፣ ለአንድ የጋራ ባለሥልጣን አስረከቡ። የዚያ ባለሥልጣን ጽሕፈት ቤት የተቀመጠው ፓሪስ አልነበረም፤ ቦንም አልነበረም። ከሁሉም ትንሿ ሉክሰምበርግ ነበረች ያገኘችው።

እኔ ታሪኩን ባጥፈው ከዚህ ተነሥቼ ነው። ቀኑን ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. አደርገዋለሁ፤ ጅቡቲ ነፃ የወጣችበት ቀን ነው። በእኔ ምናብ በዚያ ቀን አንድ የሀዲድ ኅብረት ይቋቋማል። ሥልጣኑ ጠባብ ነው፤ ባቡሩ፣ የጅቡቲ፣ የአሰብና የበርበራ ወደቦች፣ ከበርበራ በጅግጅጋ በኩል ወደ ሐረር የሚመጣው መንገድ። ከዚህ ውጭ ምንም የለውም። ጦር የለውም። የራሱ ባንዲራም የለውም። ግን በእነዚህ ነገሮች ላይ ታሪፍ የሚያወጣው፣ ጥገና የሚያዘው፣ ገቢውን የሚያከፋፍለው እሱ ብቻ ነው። ትንሹ አባል ያልተስማማበት ታሪፍ አይጸድቅም።

ለዚህ ምናብ መሠረት የሚሆን ነገር በእውነተኛው ታሪካችን አለ። ምድር ባቡሩ ራሱ። ፈቃዱን የሰጡት አፄ ምኒልክ ናቸው፤ ገንዘቡ የፈረንሳይ ነበር። ሀዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ከተማዋን የፈጠራትም እሱ ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ ነፃነት በኋላ ኩባንያው የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ንብረት ሆነ፤ እኩል ለእኩል። ከ784 ኪሎ ሜትሩ ጅቡቲ ውስጥ ያለው 100 ያህሉ ብቻ እንደነበር አስቡት። ግን ድርሻዋ ግማሽ ነበር።

ያ ኩባንያ በመጨረሻ ደከመ፤ ሀዲዱ አረጀ፤ ባቡሩም ቆመ። ይህን እያነሣ "እኩልነት ምን ፈየደ?" የሚለኝ ሰው ይኖራል። የእኔ መልስ አጭር ነው። ኩባንያው እኩል ባለቤቶች ነበሩት እንጂ የራሱ ሥልጣን አልነበረውም። ለጥገና ገንዘብ ሲፈልግ የሁለት መንግሥታትን እጅ ያያል። በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው አዲሱ ባቡርም የሁለቱ አገሮች ነው። ትልቁ ድርሻ ግን የኢትዮጵያ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱም አዲስ አበባ ነው። የሀዲዱን ርዝመት ካየን ትክክል ሊመስል ይችላል። ለኅብረት ግን እንዲህ አይታሰብም።

የጋራ ገንዘብ የሚባለውን ከካርታው ላይ እንድታወጡት እለምናለሁ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1941 ዓ.ም. ጀምሮ ከዶላር ጋር ታስሮ የኖረ ገንዘብ ነው። የእኛ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። ይህን ሁለት ባሕርይ በአንድ ማዕከላዊ ባንክ ማስተዳደር አይቻልም። ኤርትራ ከነፃነት በኋላም በብር ትገበያይ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የራሷ ገንዘብ ናቅፋ ሲመጣ ሁለቱ መንግሥታት በንግዱ አከፋፈል ላይ ተጣሉ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ጦርነት ተነሣ። የጦርነቱ ምክንያት ገንዘቡ ብቻ ነው አልልም። ግን ስለ ገንዘብ ውል የሌለው ወንድማማችነት ምን ያህል እንደሚያስኬድ አይተናል። ገንዘቡ የየራሳቸው ይሁን። የድሬ ነጋዴ እንደሆነ ብሩንም ፍራንኩንም ዶላሩንም በጭንቅላቱ ሲመነዝር ነው የኖረው።

ፍርድ ቤት ግን ያስፈልጋል፤ እሱን ሐረር ላይ አስቀምጠዋለሁ። ሐረር የራሷን ሳንቲም ትመታ የነበረች የንግድ ከተማ ናት። ያ ፍርድ ቤት መንግሥታት ብቻ የሚካሰሱበት መሆን የለበትም። ዕቃው ያለ አግባብ የተወረሰበት ነጋዴ መንግሥትን የሚከስበት መሆን አለበት።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ድሬዳዋ ላይ ኅብረቱ ድሮም ነበረ፤ ሕጋዊ አልነበረም እንጂ። በባቡሩ ሩዝ መጥቷል፣ ፓስታ መጥቷል፣ ልባሽ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ ሬዲዮ መጥቷል። አብዛኞቹ ተሸካሚዎች ሴቶች ነበሩ። ፊናንስ፣ የጉምሩክ ፖሊሱ፣ ሲመጣ ዕቃው ከቀሚስ ሥር ይገባል፣ ከወንበር ሥር ይገባል፣ በመስኮት ይወረወራል። ታይዋን የሚባለው ገበያችን ስሙ የወጣው በዚህ ዕቃ ነው። በዚህ ንግድ ልጅ ያስተማሩ፣ ቤት የሠሩ እናቶች አሉ። በዚሁ ንግድ የከሰሩ፣ የታሰሩ፣ ከባቡር ወድቀው የተጎዱም አሉ። መንግሥት ኮንትሮባንድ ይለዋል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔ ግን እነዚህ ሴቶች ማንም ያላስተማራቸው የኅብረቱ መሥራቾች ናቸው እላለሁ።

አቦ፣ ጫትን እዩት። ከአወዳይ ወጥቶ በየቀኑ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይደርሳል። ካደረ ዋጋው ይወድቃልና የሚያዘገየው የለም። ኬላው ይፈጥናል፣ ወረቀቱ ያልቃል፣ መኪናው ይበራል። ስለዚህ ድንበራችን ሲፈልግ መፍጠን ይችላል ማለት ነው። ለጫት የቻለ ድንበር ለአንዲት እናት ሁለት ኩንታል ሩዝ የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ለድንበር አካባቢ ነዋሪ የተፈቀደ ጥቃቅን ንግድ እንዳለ አውቃለሁ። በዕቃው ዓይነትና በመጠኑ በጣም የታጠረ ነው፤ ድሬ ገበያ ድረስ የሚያስመጣ አይደለም።

አሁን ዋና ከተማው የት ይሁን ለሚለው መልሴ ይገባችኋል። ድሬዳዋ ከሆነ ቁልፉ ተመልሶ ትልቁ አባል እጅ ገባ። ሰዋችን ደግ ነው፣ ቋንቋ ይችላል፣ እንግዳ ይወዳል፤ ይህ ሁሉ ግን ጅቡቲያዊው ከመዋጥ ስጋት እንዲያርፍ አያደርገውም። ጽሕፈት ቤቱ ጅቡቲ ይሁን። የአካባቢያችን አገሮች ድርጅት ኢጋድም ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያው ነው። ለድሬ ወርክሾፑ፣ ደረቅ ወደቡና የባቡር ትምህርት ቤቱ ይበቃታል። የድሮው የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ያስተማራቸው ባለሙያዎች ዝና አሁንም አለ።

ይህን የምለው ለምናቡ ካርታ ብቻ ብዬ አይደለም። ዛሬ የእኛ መብራት በድሬዳዋ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ከሶማሌ ክልል የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ ጅቡቲ ይጠጣል። ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዳችን በጅቡቲ ያልፋል። ሦስቱም በተለያየ ውል ነው የሚተዳደሩት። ሦስቱን በአንድ የጋራ ባለሥልጣን ሥር ማድረግ፣ ጽሕፈት ቤቱን ጅቡቲ ላይ ማስቀመጥ፣ የታሪፍ ውሳኔውን ሁለቱ አገሮች ካልተስማሙበት እንዳይጸድቅ ማሰር ይቻላል። ለመጀመሪያው ዓመት አንድ ነገር ብቻ ይሥራ፤ በሕዝብ ማመላለሻው ባቡር ላይ ለትንንሽ ነጋዴዎች አንድ ፉርጎ ይቀጠል። የተፈቀደው ክብደትና ቀረጡ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በፈረንሳይኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ ፉርጎው በር ላይ ይለጠፍ፤ ክፍያውም ድሬ ጣቢያ ላይ በደረሰኝ ይሁን።