ኒውክሌሩ እና የእናቴ ምጣድ

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ቅዳም ስዑር ነበር። ጀርመን፣ ላንድስሁት ከተማ፣ ለዶሮ ወጡ ሽንኩርት እያቁላላሁ ነው። ቴሌቪዥኑ ከተማችን አቅራቢያ ስላለው የኒውክሌር ማመንጫ፣ ስለ ኢሳር 2 ያወራል። የአገሪቱ የመጨረሻዎቹ ሦስት የኒውክሌር ማመንጫዎች የተዘጉት ያን ዕለት ሌሊት ነው። ከከተማችን ከሩቁ የሚታየው ነጭ እንፋሎት በፋሲካ ማግስት አልነበረም።

ማመንጫው ይዘጋ እንጂ፣ ተጠቅመው የጨረሱት ነዳጅ አሁንም እዚያው ግቢ ነው። በወፍራም ብረት ታሽጎ ተቀምጧል። ጀርመን ለዘለቄታው የምትቀብርበትን ቦታ እስካሁን እየፈለገች ነው። ያን ሁሉ ገንዘብና ባለሙያ ይዛ!

አገራችን ደግሞ ህዳሴ ግድብ ከተመረቀ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መስከረም 2018 ላይ፣ የኒውክሌር ማመንጫ ለመገንባት ሞስኮ ላይ ከሩሲያ መንግሥት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር ተፈራረመች። የሚደግፉት ሰዎች የሚሉት እውነት አለው። መብራታችን በአብዛኛው ከውሃ ነው። በ2011 የጊቤ 3 ግድብ ውሃ ሲጎድል አገር ምድሩ በፈረቃ ነበር የሚያበራው።

ግን የእኛ ነፋስ የሚበረታው ግድቡ በሚጎድልበት በበጋ ነው። አዳማ ላይ የቆሙት ተርባይኖች በሁለቱ ምዕራፍ 204 ሜጋዋት ናቸው። ላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ፣ አሉቶ ተራራ ሥር ያለው የምድር እንፋሎትም ክረምት ከበጋ አይልም፤ ገና ጫፉን ነው የነካነው። እነዚህ እያሉ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ አደገኛ ዕቃ ለምን እናስቀድማለን?

ባለፈው ለጥምቀት አዳማ እናቴ ጋ ነበርኩ። ሊጡ ኩፍ ብሏል። ሦስተኛው እንጀራ ዓይን ማውጣት ሲጀምር መብራቱ ድርግም አለ። ወደ ደጅ ብወጣ ኮረብታው ላይ ተርባይኖቹ ይዞራሉ። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ኖሯል። ሦስት ቀን ጨለማ ውስጥ ከረምን። እዚህ ጀርመን ግን ጎረቤቴ አሮጊት በረንዳቸው ላይ ሶላር ሰቅለው፣ ገመዱን ሶኬት ላይ ሰክተው ይጠቀማሉ። የሰፈሩ መስመር ተማምነውበት የሚሰካበት ነው።

የእናቴን ምጣድ ያቋረጠው የማመንጫ እጥረት አይደለም። ስለዚህ ለኒውክሌሩ ከሚታሰበው ገንዘብ በፊት ለትራንስፎርመሩ፣ ለሽቦው፣ ለምሰሶው ይመደብ እላለሁ። ቀጥሎ ነፋሱና አሉቶ። እናቴ ያን ቀን ሊጡ እንዳይኮመጥጥባት ጓሮ ወጥታ በእንጨት ጋገረችው። ጭሱ ዓይኗን እስከ ማታ አስለቀሳት።