ቀብዳችንስ?

ስለ ድርጅት መክሰር ያነበብኩት ጽሑፍ «ድርጅት ሲከስር መጀመሪያ የሚጎዳው ባለቤቱ ነው» ይላል። አልስማማም። እዚህ ደብረ ማርቆስ ለበርና መስኮት ቀብድ የከፈልንበት ድርጅት ሲዘጋ ባለቤቱ ስልኩን አጥፍቶ ተሰወረ። ደረሰኝ ይዘን የምንጮኸው ማን ላይ መሰላችሁ? ዘበኛው ላይ! እሱም ደመወዙን አልተቀበለም። ጋቢውን ተከናንቦ «ልጄ፣ እኔስ ማንን ልጠይቅ?» ይላል።

መክሰር ነውር አይደለም፤ ንግድ ነው፣ ያጋጥማል። በሩ ሊዘጋ ሳምንት ሲቀረው ቀብድ መቀበል ግን ሌላ ነገር ነው። ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (ቁጥር 1156/2011) የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል ይላል። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ፣ ድርጅቱ ከስሮ ቢዘጋም የሥራ ስንብት ክፍያ አለው። ባለቤቱ ሰብስቦን «ይሄ አለኝ፣ ይሄ የለኝም» ቢለን ምን ነበረበት?