ጎመን በጤና፣ ከነፎቶው

አዲስ አበባ መቼም ደግ ሰው አጥታ አታውቅም። አሁን ደግሞ ንጹሕ በላተኞች ተነሥተውላታል። የፋብሪካ እጅ ያልነካውን፣ ስኳር ያልጎበኘውን፣ ከአፈር ወጥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ድስት የገባውን ብቻ የሚቀምሱ ሰዎች ናቸው። ቆዳቸው ያበራል፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ነው፣ ሌላ ሰው ሳንቡሳ ሲገምጥ ሲያዩም በአዘኔታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እንደነዚህ ያሉ ሰዎች ሳይመሰገኑ ቢቀሩ ነውሩ የኛ ነው።

አጀማመራቸው ብቻውን ይወደሳል። የኛ ሰው ድሮ ጎመን ሲበላ ዝም ብሎ ነበር የሚበላው፤ እንዲያውም እንግዳ ድንገት እንዳይደርስ በሩን ገርበብ አድርጎ። እነዚህ ግን ጎመኑ ሳይከተፍ አገር እንዲሰማ ያደርጋሉ። «ከሰኞ ጀምሮ ንጹሕ ምግብ ብቻ» የሚል ቃል ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ቲክቶክ ላይ ይደገማል፤ መሥሪያ ቤት ለሻይ ሲወጣ በቃል ይነገራል። ቀኑ ሰኞ የሆነበትም ምክንያት አለው። እሑድ ለስንብት ታስፈልጋለች። የስንብት ክትፎ አለ፣ የስንብት ጥብስ አለ፣ ማታ ደግሞ ለልጆቹ ተብሎ የተገዛ የስንብት ኬክ። ዐረብ አገር የሚሄድ ዘመድ እንኳ እንዲህ ባለ ድግስ አይሸኝም። ሐሙስ ላይ ጉዳዩ ከላላም ችግር የለም፣ ሌላ ሰኞ ይመጣል፤ እግዜር ይስጠው፣ ከሱ በፊት ሌላ እሑድ ይመጣል።

ከዚያ ዕቃ ይሟላል። ብሌንደር፣ የምግብ ሚዛን፣ ከእንጨት የተሠራ ሰሌዳ፣ እጀታና ክዳን ያለው ወፍራም ጠርሙስ። ንጹሕ ምግብ በተራ ብርጭቆ ከተጠጣ ሰውነት አይቀበለውም መሰለኝ።

ዕቃው ከተሟላ በኋላ የእናት ጓዳ ይፈተሻል። ከሥርዓቱ ሁሉ እኔን አንጀቴን የሚያርሰኝ ይህ ነው። ልጅቷ የጓዳው በር ላይ ቆማ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ ትከፍታለች።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ሁሉ ካርቦሃይድሬት ነው።»

«የቱ ልጄ?»

«ሁሉም!»

«ተልባውም?»

«ተልባውን ተዪው፣ ቺያ ገዝቻለሁ። ኦሜጋ ሦስት አለው።»

እናት ኦሜጋ ሦስት የማን ልጅ እንደሆነ አያውቁም። ለጾም በጥብጠው ሲያጠጧት የኖሩት ተልባ ውስጥ ያው ኦሜጋ ሦስት የተባለ ጠቃሚ ስብ እንዳለ የሚነግራቸው የለም፤ ቢነገራቸውም ለክርክር አይበቁም። ምክንያቱም ቺያ የተባለው ፍሬ ትውልዱ ከወደ ሜክሲኮ ነው፤ ባሕር አቋርጦ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት፣ በላስቲክ ታሽጎ ነው የመጣው። ተልባ ግን ከአርሲ በአይሱዙ ነው የመጣው፣ ያውም ከሽንኩርት ጋር ተጭኖ። በአይሱዙ የመጣ ነገር ጤና ይሰጣል ብሎ የሚያምን ማን አለ?

ቆሎም ይህንኑ ምሥጢር ተረድቷል። ገብሱ ያው ገብስ ነው፣ ምጣዱም ያው ምጣድ። ነገር ግን ሱፐርማርኬቱ በር ላይ በሲኒ ተሰፍሮ፣ ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት ተጠቅልሎ ሲሸጥ የድሃ መክሰስ ነው። በሩን አልፎ ገብቶ፣ ቡናማ ከረጢት ለብሶ፣ ደረቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠልና ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ሲለጠፉበት ንጹሕ ምግብ ይሆናል፤ ዋጋውም ንጽሕናውን ይመሰክራል። ንጹሕ በላተኛችን መኪናውን ሊያቆም ሲል ቆሎ ሻጯ መንገድ ዘግታበታለችና ዘበኛው ያስነሣታል። እሱም ገብቶ ቆሎ ገዝቶ ይወጣል። አገር እንዲህ ነው የሚዘምነው!

ስለ ቀይ ጤፍም ካላነሣሁ ግፍ ይሆንብኛል። በየቤቱ ማኛው ለእንግዳ፣ ቀዩ ለሠራተኛ የሚጋገርበትን ዘመን ያየን ሰዎች ነን። ቀይ እንጀራ ምሳ ዕቃው ውስጥ የተገኘበት ተማሪ ክዳኑን ግማሽ ከፍቶ ነበር የሚበላው። ዛሬ «ብረት አለው» ተባለና ቀዩ ወደ ክብር ቦታው ወጣ፤ ማኛው ደግሞ የስኳር በሽታ ዘመድ ተደርጎ ተቆጠረ። ለነገሩ ጤፍን እንድንወደው ሁልጊዜ የውጭ ሰው መንካት አለበት። አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት መብት ይዞ ኖሮ፣ የሔግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ውድቅ ሲያደርግበት እኛም እዚህ በደስታ ጮኸናል። «ጤፍማ የኛ ነው!» ያለው ሰው ብዛቱ! ከጮኸው ውስጥ ስንቱ የዚያን ቀን ምሳውን ፓስታ እንደበላ ግን አልተቆጠረም።

የብረቱ ነገር ደግሞ ከዚህም ይጥማል። ጤፍ ላይ የሚለካው ብረት ከፊሉ የእህሉ አይደለም፤ በሬዎች አውድማ ላይ ሲያበራዩት የሚጣበቅበት አፈር ነው። ተመራማሪዎች ይህን ከጻፉ ቆይተዋል። እንግዲህ ንጹሕ በላተኛችን ቀይ እንጀራውን ጠቅልሎ «ብረቴን እያገኘሁ ነው» ሲል፣ ከብረቱ ጥቂቱ የበሬ ኮቴ የረገጠው ትቢያ መሆኑ ነው። እኔ ይህን ነቀፋ አላደርገውም። ምንም ያልተቀነባበረ ምግብ ሲሉ የፈለጉት እኮ ይህንኑ ነው፣ ቀጥታ ከመሬት!

ከግሉተን፣ ስንዴና ገብስ ውስጥ ካለው ፕሮቲን ማለቴ ነው፣ ነጻ የሆኑትንም አልረሳኋቸውም። ግሉተን አንጀቱን የሚጎዳበት፣ ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ይለፈኝ፤ እሱ ምርጫ የለውም፣ ምሳውንም ፎቶ አያነሣም። የማመሰግነው ያኛውን ነው፣ «እንጀራው ገብስ ገብቶበታል? ስንዴ ነክቶታል? ማብሰያ ቤት ጠይቅልኝ» እያለ አስተናጋጁን ሦስቴ የሚያመላልሰውን። ጤፉ ጥርት ያለ መሆኑ ሲረጋገጥለት እፎይ ብሎ ድራፍት ያዛል። የድራፍቱ ብቅል ከምን እንደሆነ አስተናጋጁ ያውቃል፤ ግን ጉርሻውን ያጣ ዘንድ ሞኝ አይደለም። ጭማቂ ቤትም እንዲሁ ነው። «ስፕሪስ፣ ስኳር የሌለው» ተብሎ ይታዘዝና በላዩ ላይ ቪምቶ ጠብ ይደረግበታል። ቪምቶ ለቀለም ነው፤ ቀለም ደግሞ አያወፍርም።

የጾሙ ተአምር ግን ከሁሉም ይበልጣል። እናት ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እያሉ ሲጾሙ ልጅየው አብሯቸው መጾም ያልቻለው ጨጓራ ስላለበት ነበር። ጠዋት ካልቀመሰ ያቃጥለዋል፣ ራሱን ያዞረዋል፣ ሐኪምም ከልክሎታል። የንስሐ አባቱ ይህን ሰምተው አዝነው ነበር። አሁን አንድ አፕ ስልኩ ላይ ጫነ። አፑ በእንግሊዝኛ 16 ሰዓት እንዳትበላ አለው፤ እሱም አልበላም። ጨጓራው ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስልኩ «ተፈቅዷል» ብሎ ሲጮህለት ብቻ ነው እንቁላሉን የሚሰብረው። የቤተ ክርስቲያን ደወልና የእናት ልመና ያልቻሉትን አንድ የስልክ ጥሪ ቻለው። እናትም ልጄ ዘግይቶም ቢሆን ጾመኛ ሆነልኝ ብለው ስለት አስገብተዋል፤ እንቁላሉን አላዩም።

ይህን ያህል የጠነከረ እምነት ሊቃውንት አያጣም፤ ፍሬ ነገሩም፣ ቀልዱን ትተን፣ እውነት ነው። የብራዚሉ ካርሎስ ሞንቴይሮና የሳኦ ፓውሎ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ምግብን በፋብሪካ ባለፈበት መጠን ከአንድ እስከ አራት የሚመድብ ኖቫ የሚባል አከፋፈል አውጥተዋል። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ውስጥ ደግሞ 20 ሰዎች ሁለት ሳምንት ፋብሪካ ጠገብ ምግብ፣ ሁለት ሳምንት ያልተነካካ ምግብ እንዲበሉ ተደርገው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ በፋብሪካው ሳምንታት በቀን ወደ 500 የሚጠጋ ካሎሪ ጨምረው እንደበሉ ታወቀ። ስለዚህ ሚሪንዳውንና የታሸገውን ብስኩት መሸሽ ተገቢ ነው፣ በዚህ አንከራከርም።

የሚያስደንቀኝ ምደባው ወደ ሰፈር ሲወርድ ነው። የጂሙ ልጅ ከስፖርት በኋላ የሚበጠብጠው በቫኒላ የጣፈጠ የፕሮቲን ዱቄት፣ ጀርባው ላይ ሃያ ምናምን ስም የተጻፈበት፣ ከነቅልጥሙ አራተኛ ምድብ ውስጥ ነው፤ ከለስላሳውና ከኢንዶሚው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ። ተቆልቶ የተፈጨ እህል ግን አንደኛ ምድብ ነው። በሌላ አነጋገር በሶ ጨብጦ ሲሚንቶ የሚያወጣው የቀን ሠራተኛ፣ ሸምበቆ በመሰለ ቱቦ የፕሮቲን ብጥብጡን ከሚስበው ልጅ በሦስት ደረጃ ይበልጣል። ታዲያ በሶ የሚበላውን ሰው ማን ፎቶ አነሣው? ራሱም አላነሣም፤ እጁ ሲሚንቶ ነው፣ ስልኩም ባትሪው የሚዘልቀው እስከ ረፋድ ነው። «ንጹሕ አመጋገብ ጀመርኩ» ብሎ ለማንም አልተናገረም። እንዲህ ያለውን ሰው ማመስገን አይቻልም፣ ጤናማ የሆነው ሳያስበው ነዋ!

አሁን ወደ ዘውዱ ልምጣ፣ ወደ አረንጓዴው ስሙዚ። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ዝንጅብል፣ ሎሚ፤ ሁሉም ጥሬውን፣ እሳት ሳይነካው፣ በብሌንደር ተፈጭቶ። ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ፊት ይቀመጥና ፎቶ ይነሣል። ሥሩ ላይ «ሰውነቴን እያጸዳሁ» ይጻፋል።

ይህ ጎመን ወዴት ነበር የበቀለው? ከተማችን ለብዙ አሥርት ዓመታት ቅጠላ ቅጠሏን በጓሯዋ ነው ያበቀለችው፤ በጎፋ፣ በላፍቶ፣ በአቃቂ፣ በየወንዙ ዳር። ውሃውን የሚሰጡት ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች ናቸው። ትንሹ አቃቂ ምስጋና ይግባውና ባዶ እጁን አይመጣም። ከቆዳ ፋብሪካዎች ክሮሚየም፣ ከጋራዦች ዘይት፣ ከየመንደሩ መጸዳጃ ቤት የሚወርደውን ሁሉ ይዞ፣ የደረሰበትን አትክልት አጠጥቶ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። ተመራማሪዎች እነዚህን ቅጠሎች ደጋግመው ለክተው ክሮሚየምም ካድሚየምም እርሳስም የተባሉ መርዘኛ ብረቶች አግኝተውባቸዋል። ገበሬውን አልወቅስም፤ ሌላ ውሃ ቢያገኝ ኖሮ ባጠጣበት። ወንዙ ዳር አሁን መናፈሻ ተሠርቶ አምሯል፤ ጎመኑ የሚጠጣው ግን ዳርቻውን አይደለም፣ ውሃውን ነው።

አንድ ደግ ጎረቤት ይህንን ለአንዷ ንጹሕ በላተኛ አንሥቶላት ነበር። ስለ ወንዙ ከቀበሌ ወይ ከፋብሪካው ደጃፍ ሄዶ መጠየቅ ይሻል እንደሆነ ቢጠቁማት እጅግ ተገርማ አየችው።

«ወንዙ የመንግሥት ነው፣ የኔ ሰውነት የኔ ነው» አለችው።

«ጎመኑስ?»

«ጎመኑን በደንብ ነው የማጥበው፣ በአፕል አቼቶ!»

ቅጠሉ በሥሩ የጠጣውን መርዘኛ ብረት አቼቶ እንደማያወጣው አልነገራት፤ ፎቶዋን ያበላሻል። እሷም ጎመኑን አንዴ በአቼቶ፣ አንዴ በጨው፣ አንዴ በቧንቧ ውሃ አጠበችው። እጣቢው በማጠቢያው ቀዳዳ ገብቶ በግቢው ቱቦ ወረደ፣ ከአስፋልቱ ሥር ሾልኮ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ ወንዙም ታች ላፍቶ ደርሶ የሚመጣውን ሳምንት ጎመን አጠጣ። ከፋብሪካ በቀር ማንም ያልነካው፣ ከቤት ወጥቶ ቤት የሚገባ፣ ማሸጊያ የማይፈልግ ምግብ ማለት ይህ ነው፤ ከረጢት ላይ የሚለጠፈው አረንጓዴ ቅጠል ከዚህ የተሻለ ማን ይገባዋል?