«የፈረንጅ ገንዘብ ነው» ላላችሁ ሁሉ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ስለ ሌባው አይደለም። ሌባ የትም አገር አለ፤ እኛም ዘንድ አለ። የምጽፈው ነጠላውን አጣፍቶ ከሌባው ጎን ስለቆመው ጨዋ ሰው ነው። የተዘረፉ ልጆች ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያቀረቡለትን ቡና እየጠጣ፣ «ምን ታካብዳላችሁ? የፈረንጅ ገንዘብ እኮ ነው» ስላለው ሽማግሌ ነው። እሱን ይቅር ማለት አቅቶኛል።

እህትና ወንድም ናቸው። ለገሀር አካባቢ፣ ሕንፃ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይተው ስልክና ላፕቶፕ በኢንተርኔት ይሸጡ ነበር። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ውጭ ያለው ወገናችን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰው ድረ ገጻቸው ላይ ስልክ ይመርጣል፣ በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ይከፍላል፤ እነሱ እዚህ ለእናቱ ወይም ለወንድሙ በሞተር ያደርሳሉ። ዕቃውን ከአስመጪ የሚያነሱት ግማሹን በዱቤ ነው። አንድ ስልክ ላይ የሚያተርፉት ቢበዛ 6 ሺህ ብር ነበር።

በአምስት ቀን ውስጥ ሦስት ኦርደር ገባ። ሁለት አይፎን፣ እያንዳንዱ 120 ሺህ ብር፤ አንድ ላፕቶፕ፣ 90 ሺህ ብር። ከፋዮቹ ሦስት የተለያዩ የውጭ ስሞች፣ ተቀባዩ ግን አንድ ልጅ። እህትየዋ ደወለችለት። «አዎ፣ አሜሪካ ያለው ወንድሜ ነው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የላከልኝ» አላት። የት ይምጣልህ ስትለው አምባሳደር ጋ ያለ ካፌ ነገራት፤ ሞተረኛው ሲደርስ ይደውልልኝ አለ። እዚህ ከተማ ማን የቤት ቁጥር ይናገራል? ማንም አይጠረጥርም። ልጁ መታወቂያውን አሳየ፣ ፈረመ፣ ዕቃውን ተረከበ። የስልኮቹን ካርቶን ግን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ትቶት ሄደ። ሞተረኛው ኋላ ሲጠየቅ ትዝ ያለው ይኼ ነበር። ስጦታ የተላከለት ሰው ካርቶን ጥሎ አይሄድም፤ ካርቶኑ ላይ የታተመው ቁጥር የሚያስፈራው ሰው ነው የሚጥለው።

ድረ ገጹ ሦስቱንም ጊዜ «ክፍያው ጸድቋል» ብሏል። ይህች ቃል ስንት ሰው እንዳሳሳተች! ባንኩ ሲያጸድቅ የሚናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ካርዱ አልታገደም፣ ሒሳቡ ላይም ይህን የሚሸፍን ገንዘብ ወይም የብድር ጣሪያ አለ። ቁጥሩን እየጻፈ ያለው ባለቤቱ ይሁን ሌላ ሰው አይናገርም። በኢንተርኔት ለመግዛት ካርዱን መያዝ አያስፈልግም፤ የፊት ለፊቱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ወርና ዓመት፣ ከጀርባው ያለው ሦስት አኀዝ ይበቃል። እነዚህ ደግሞ ከተጠለፈ ድረ ገጽ ወይም የባንክ መስሎ ከተላከ የውሸት መልእክት ተለቅመው በጅምላ ይሸጣሉ። የገዛው ሌባ መጀመሪያ አንድ ሁለት ዶላር ከፍሎበት ካርዱ እንደሚሠራ ይሞክራል፤ ከሠራለት ወደ ስልክ ይሄዳል። ስልክ ለምን? ትንሽ ነው፣ ውድ ነው፣ በዚያው ቀን ይሸጣል።

ሁለት ወር ሊሆነው ሲል ክፍያውን ከሚያገናኛቸው ድርጅት መልእክት መጣ። የካርዶቹ እውነተኛ ባለቤቶች «አናውቀውም» ብለዋል፣ ገንዘቡ ይመለሳል። ቻርጅባክ ማለት ይኼ ነው። በቪዛ ሕግ የካርድ ባለቤት ክፍያውን ለመካድ በአብዛኛው እስከ 120 ቀን አለው። ሻጩ ዕቃውን ካስረከበ፣ አስመጪውን ከከፈለ፣ ነገሩን ከረሳው በኋላ ማለት ነው። ልጆቹ ማስረጃ አቅርቡ ሲባሉ የፊርማውን ወረቀት፣ የመታወቂያውን ፎቶ፣ የሞተረኛውን ምስክርነት ላኩ። ምንም አልጠቀመም። የተጠየቁት ዕቃው መድረሱን አይደለም፤ ያዘዘው የካርዱ ባለቤት መሆኑን ነው። ዕቃው ለሌባ በትክክል መድረሱን በሚገባ አስረዱ እንጂ ሌላ ምን አስረዱ?

ከዚያ በኋላ የገባው ሽያጭ ሁሉ ለዕዳው ተቀነሰ፤ በየአንዳንዱ ክርክር ላይ ደግሞ የአገልግሎት ቅጣት ተጨመረ። 330 ሺህ ብር። በስልክ 6 ሺህ ብር ለሚያተርፍ ሰው ይህ 55 ስልክ በነጻ መሸጥ ነው። የጠፋውን በድሮው ዋጋ መተካትም የለም፤ ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ለውጥ ሲመጣ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ማለፉን ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ የፈረንጁን ገንዘብ አብረን እንፈልገው። ፈረንጁ ለባንኩ ደወለ፤ ገንዘቡ ተመለሰለት፣ አዲስ ካርድም ተሰጠው። የፈረንጁ ባንክ ከሻጩ ባንክ ጠየቀ፤ አገኘ። የሻጩ ባንክ ከአገናኙ ድርጅት ወሰደ፣ አገናኙ ከልጆቹ ቀነሰ። ልጆቹ ከማን ይቀንሱ? ከእነሱ በታች ማንም የለም። ሙሉው ኪሳራ ውቅያኖስ ተሻግሮ ለገሀር ላይ አረፈ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ማንም ሰው አንድ ሳንቲም አልጎደለበትም።

ልጆቹ ከሰሱ፤ ዕቃውን የተረከበው ልጅ በመታወቂያው ተገኘ። አልካደም። ዋናውን ሰው በቴሌግራም ስሙ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ስሙንና ስልኩን ስላዋሰው፣ ዕቃውንም ተቀብሎ ስላስረከበው 4 ሺህ ብር ተሰጥቶታል። «እኔ የሰረቅሁት ነገር የለም» አለ። ከስልኮቹ አንዱም ተገኘ። ልጆቹ በየደረሰኙ ላይ አይኤምኢአይ የሚባለውን የእያንዳንዱን ስልክ መለያ ቁጥር ይመዘግቡ ስለነበር፣ ስታዲየም አካባቢ ያለ ጠጋኝ ስክሪን ሊቀየርለት በመጣ ስልክ ላይ ቁጥሩን አየው። የያዘው ሰው ደመወዝተኛ፣ ባለትዳር፣ የተከበረ ሰው ነው። ያለ ካርቶን በ55 ሺህ ገዝቷል። 120 ሺህ የሚያወጣ ስልክ በ55 ሺህ ሲሸጥለት ለምን ብሎ አልጠየቀም፤ የባለቤትነት ጥያቄ ሲቀርብለት ግን «ገንዘቤን ከፍዬ ነው የገዛሁት» ብሎ ተቆጣ።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ። አራት ናቸው። ልጁ ገና ነው አሉ፣ እናቱ በሽተኛ ናት አሉ፣ ስሙ ይበላሻል አሉ። የልጆቹ ስም፣ የልጆቹ ዕዳ፣ አስመጪው በየቀኑ የሚደውለው ስልክ አልተነሳም። አንዳቸውም ኪሳቸው ውስጥ ለመነሻ የሚሆን 5 ሺህ ብር ይዘው አልመጡም። ባዶ እጃቸውን ክሱን አንሱ ሊሉ መጡ፤ ያቺን ስለ ፈረንጅ ገንዘብ የተባለችውንም የተናገረው ከሁሉ አንጋፋው ነበር። እህትየዋ ክሱን አነሳች። ሱቁ በሦስተኛው ወር ተዘጋ።

ሽምግልናን እንዲህ ያዋረድነው መቼ ነው? ዕርቅ ካሳ ነበረው። የበደለ ሳይክስ በደለኛንና ተበዳይን አንድ ላይ አስቀምጦ «ተሳሳሙ» የሚል ሽማግሌ በየትኛው የአባቶች ወግ አለ? እናንተ ግን በደሉን በተበዳዩ አስከፈላችሁት፣ በላዩም ምርቃት ጨመራችሁ።

ደግሞ እንዲህ ያልነው ያን ቀን ብቻ አይደለም። መጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም ሲበላሽ ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ሊያወጣ ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ የተሰለፈውን ሕዝብ እናስታውሳለን፤ በማግስቱ ስንቶቻችን ሳቅን! በፎቶ ማስተካከያ የተሠራ የባንክ ደረሰኝ ልኮ ከቴሌግራም ሻጭ ኢርፖድ የወሰደውንም «ብልጥ ነው» ብለን አልፈነዋል። ብልጥነት ነው ብለን እያሳደግነው መጥቶ ለገሀር ደረሰ።

ሕጉ የለም እንዳትሉኝ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አታላዩን ብቻ ሳይሆን የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የሚገዛውንና የሚሸሽገውንም ይቀጣል፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም፣ ቁጥር 958/2008፣ ከወጣ ስንት ዓመቱ። ስም ማዋስ ወንጀሉን ማገዝ ነው። ያ ልጅ በ4 ሺህ ብር የሸጠው መታወቂያውን ነው፤ መዝገብ ላይ የቀረው የሱ ስም እንጂ የቴሌግራሙ ሰውዬ አይደለም። ወላጆች፣ ልጃችሁ «ዕቃ ተቀብዬ ማድረስ ብቻ ነው» የሚባል ሥራ አገኘሁ ካላችሁ ዕቃው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደከፈለበት ሳትሰሙ አትመርቁት።

ያለ ካርቶን ስልክ የምትገዙም ስሙ። ስልኩ ላይ ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል ብትጽፉ 15 አኀዝ ያለው አይኤምኢአይ ቁጥር ይመጣል። ከካርቶኑ ጋር አስተያዩት፤ ከደረሰኙም ጋር። ካርቶን ጠፋ፣ ደረሰኝ ጠፋ፣ ዋጋው ግን ከገበያው ግማሽ ነው ከተባላችሁ፣ ማወቅ የሚገባችሁን ሁሉ ነግረዋችኋል። በእውነት ዩዝድ የሚሸጥ ሰው ዋጋ ይቀንሳል እንጂ ግማሹን አይጥልም።

ነጋዴዎችም ዝም ልላችሁ አልችልም። በእነዚያ ሦስት ኦርደሮች ላይ ምልክቱ ተጽፎ ነበር። የመጀመሪያው ስልክ ከመጽደቁ በፊት ሁለት ሌሎች ካርዶች በዚያው ኢሜይል ተሞክረው ወድቀዋል፤ ሲስተሙ መዝግቦታል፣ ያየው ግን የለም። ሦስት ከፋይ፣ አንድ ተቀባይ። ደግሞ ከፋዩ ቀለም አልመረጠም፣ ስለ ዋስትና አልጠየቀም፣ ዋጋ አልተከራከረም። ሐበሻ ለእናቱ ስልክ ሲገዛ እንዲህ ነው እንዴ? ፋብሪካ የታሸገ ነው ወይ፣ ባትሪው ስንት ነው፣ ትንሽ አትቀንሱም ወይ እያለ ግማሽ ቀን ያደክማችኋል። የማይከራከር ገዢ የራሱን ገንዘብ እያወጣ አይደለም።

ከሁሉ በላይ የጎዳቸው 3ዲ ሴኪዩር የሚባለውን ማጣሪያ ማጥፋታቸው ነው። እሱ ሲበራ፣ ከፋዩን የራሱ ባንክ በስልኩ ኮድ ልኮ ወይም በአፑ ያረጋግጠዋል፤ ካርዱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝም ኪሳራው በአብዛኛው ወደ ካርድ ሰጪው ባንክ ይዞራል። «ኮድ ስትጠይቁት ደንበኛ ጥሏችሁ ይሄዳል» ስለተባሉ ነው የተዉት። የሚሄደው ይሂድ! አንድ ስልክ ለመተካት 20 ስልክ ከመሸጥ አንድ ደንበኛ ቢቀር ይሻላል። ከዚያ ውጭ ያለው ሥራ የትዕግሥት ነው። ከ50 ሺህ ብር በላይ የሆነን የመጀመሪያ ኦርደር ሁለት ቀን አቆዩት። ለተቀባዩ ሳይሆን ለከፋዩ ደውሉ፣ በቪዲዮ። ተቀባዩ ላኪውን ወንድሜ ካለ የአባታቸውን ስም ከሁለቱም ለየብቻ ጠይቁ። ማስረከቡ ካፌ ውስጥ ሳይሆን ቤት ወይም መሥሪያ ቤት ይሁን፣ በፋይዳ መታወቂያ። ከታዘዘ በኋላ ተቀባይ ከተቀየረ ሰርዙት፤ ገንዘቡንም ወደ ከፈለበት ካርድ እንጂ «በቴሌብር ላኩልኝ» ወደተባለበት አትመልሱ፤ ይኼም ራሱን የቻለ ሌላ ማጭበርበሪያ ነው።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ የሆነውን ልጨምርላችሁ። የልጁ እናት፣ ያቺ በሽተኛ የተባለችው፣ ከልጆቹ ስልክ ቁጥር ተቀብላ በየወሩ 2 ሺህ ብር በቴሌብር ትልካለች። እንጀራ ጋግራ ከምታገኘው ነው። በዚህ አካሄድ 330 ሺህ ብር ለመሙላት ከ13 ዓመት በላይ ይፈጃል። እህትየዋ ደውላ ይብቃዎት እማማ ብላታለች፤ አልተወችም። ከዚያ ሁሉ ጨዋ ሰው መሃል የፈረንጅ ገንዘብ ነው ያላለችው እሷ ብቻ ናት። አራቱ ሽማግሌዎች ለመነሻ አሥር አሥር ሺህ ቢያዋጡ ስንት ዓመት እንደሚቀንስላት ራሳቸው ያስሉት። ለማዋጣት ዛሬም አልመሸም።

ወንድምየው ተቀጥሮ እየሠራ ነው። እህቱ ግን አንድ ጠረጴዛ ከሰው ሱቅ ውስጥ ተከራይታ በትንሹ ልትጀምር ነው፤ አሁን ኮዱን አብርታ። ውጭ ያላችሁ ወገኖች፣ ስታዝዙ ኮድ ብትጠየቁ፣ ሌሊት በቪዲዮ ተደውሎ የአባታችሁን ስም ንገሩን ብትባሉ፣ እባካችሁ አትቆጡ። ሁለት ቀን ቢዘገይም ስልኩ ለእናታችሁ ይደርሳል።