ለጎዳና ብስክሌት አስተማማኙ ገመድ አልባ ኮምፒውተር የቱ ነው? ማግኔት ወይስ ጂፒኤስ

የክርክሩ ጭብጥ፦ ፍጥነትና ርቀትን በትክክል ማወቅ የሚፈልግ የጎዳና ብስክሌት ጋላቢ ከሁለቱ የብስክሌት ኮምፒውተር ዓይነቶች፣ የጎማውን ዙር በማግኔት ከሚቆጥረውና ቦታን በሳተላይት (በጂፒኤስ) ከሚያሰላው፣ የትኛውን ይግዛ?

የማግኔቱ ወገን

ማግኔቷ የፊት ጎማው ሽቦ ላይ ትታሰራለች፣ ሴንሰሩ ሹካው ላይ ይቀመጣል፤ ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ምልክት መሪው ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ይሄዳል። ኮምፒውተሩ የዙሩን ብዛት በጎማው ዙሪያ ልክ ያባዛል። ግምት የሚባል ነገር የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ልኩን ሲያስገባ ነው። በተለመደው የጎማ ዙሪያ ሠንጠረዥ 700 በ23 ጎማ (23ቱ የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው) 2096 ሚሊ ሜትር፣ 700 በ25 ጎማ 2105፣ 700 በ28 ጎማ 2136 ነው። የ28 ጎማ ገጥሞ የ23ቱን ቁጥር ሳይቀይር የተወ ሰው በየ100 ኪሎ ሜትሩ ወደ 1.9 ኪሎ ሜትር ይጎድልበታል። ከሠንጠረዡ ይልቅ በራስ መለካት ይሻላል። ጎማውን እንደ ወትሮው ነፍተው ቫልቩን ወደ መሬት ያዙሩና ከሥሩ መስመር ያስምሩ። ብስክሌቱ ላይ ተቀምጠው ቀጥ ብለው ሦስት ዙር ይሂዱ፤ ቫልቩ እንደገና ታች ሲደርስ አስምረው ርቀቱን ለሦስት ያካፍሉ። ሳይቀመጡ መለካት አይሆንም፤ የሰው ክብደት ጎማውን ስለሚጫነው ዙሪያው በጥቂት ሚሊ ሜትር ያንሳል።

ጂፒኤስ ብቻውን ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ አንዴ ያለበትን ቦታ ያሰላና ነጥቦቹን በቀጥታ መስመር ያገናኛል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌት በአንድ ሰከንድ 10 ሜትር ይጓዛል፤ ስለዚህ የእንጦጦን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርዱ መሣሪያው ኩርባውን እየቆረጠ ርቀቱን ያሳንሳል። ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ደግሞ ሳተላይት የሚባል ነገር አይታይም።

የጂፒኤሱ ወገን

የጎማውን አለካክ በሚገባ ገልጸውታል። ምልክቱ ከሹካው ተነስቶ መሪው ጋ እስኪደርስ ያለውን መንገድ ግን ዘለሉት፤ የማግኔት ኮምፒውተር የሚበላሸው እዚያ ላይ ነው። ርካሹ ዓይነት የሚልከው መለያ የሌለው ደካማ የሬዲዮ ምት ነው። ከ60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር በላይ አይደርስም፤ ባትሪው ሲደክም ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ምቱ የማን እንደሆነ ኮምፒውተሩ አያውቅም። ጎን ለጎን ሲጋልቡ የጓደኛዎን ጎማ ሊቆጥር ይችላል፤ መሪው ላይ ያሰሩት የኤልኢዲ መብራት ሲበራም ቆመው ሳለ ስልሳ ሰባ ሊያሳይ ይችላል። የአምራቾቹ መመሪያዎች ራሳቸው በባቡር ሐዲድና በቴሌቪዥን ማሠራጫ አጠገብ ቁጥሩ ሊዛባ እንደሚችል ያስጠነቅቃሉ። ከመገናኛ ወደ ስታዲየም በባቡሩ መስመር ዳር ለሚጋልብ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚከፋው የጠፋ ምት አለመመለሱ ነው። ከጂፒኤስ ኮምፒውተር ጋር የሚጣመረው የአንት ፕላስ (የስፖርት መሣሪያዎች ገመድ አልባ መገናኛ) ሴንሰር ግን የሚልከው የአንዱን ዙር ምት ሳይሆን እስካሁን የተቆጠረውን ጠቅላላ የዙር ብዛት ከነሰዓቱ ነው። ሦስት መልእክት በመንገድ ቢጠፋ አራተኛው ሲደርስ ሒሳቡ ይሟላል። መለያ ቁጥርም ስላለው ከጎረቤት ጋር አይደባለቅም። ማግኔት እንኳን አይፈልግም፤ ጎማው መሃል ሞዞው ላይ በላስቲክ ይታሰራል። የኋላውን ሞዞ ከመረጡ ቤት ውስጥ የፊት ጎማው ቆሞ የኋላው ብቻ በሚዞርበት ማሠልጠኛ ላይ ሲጋልቡም ይቆጥራል፤ የእርስዎ የፊት ማግኔት እዚያ ጋ ዜሮ ነው።

የማግኔቱ ወገን

ያሸነፈው እኮ ሴንሰሩ ነው እንጂ ሳተላይቱ አይደለም! ሴንሰሩ ከተጣመረ ኮምፒውተሩ ፍጥነቱን ከጎማው ይወስዳል፤ ዋሻው ውስጥ የሚያድንዎትም ያው ጎማ ነው። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ መለያ ያለው ዲጂታል ምልክት የሚልክ፣ ጂፒኤስ የሌለው ቀላል ኮምፒውተር በገበያ አለ፤ የዘረዘሩትን የመብራትና የጎረቤት ችግር በአመዛኙ ያስቀራል።

ባትሪውንም እንይ። የማግኔቱ ዓይነት በብዛት ሲአር 2032 በሚባል ሳንቲም መሳይ ባትሪ ይሠራል፤ ሲያልቅ ክዳኑን በሳንቲም አዙሮ መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። ሲዘጉት ቀጭኗ የጎማ ቀለበት ቦታዋ ላይ መሆኗን ይዩ፤ ከተጣመመች ዝናብ ይገባል። ጂፒኤሱ ግን በየጊዜው ኃይል መሙላት ይፈልጋል፤ ማታ መብራት ከሄደ ጠዋት ባዶ ነው። ውስጡ የታሸገው ሊቲየም ባትሪ ከዓመታት በኋላ ሲደክም ደግሞ ብዙዎቹ ሞዴሎች ባለቤቱ በቀላሉ እንዲቀይረው አልተሠሩም።

የጂፒኤሱ ወገን

አምራቹ ጋርሚን ኤጅ 530 የተባለው ጂፒኤስ ኮምፒውተሩ እስከ 20 ሰዓት ይሠራል ይላል፤ የግማሹን እንኳ ቢይዝ የቀን ጉዞ አያቋርጥም፤ ከቦርሳ የሚወጣ ፓወር ባንክም መንገድ ላይ ይሞላዋል። የአየር ግፊት መለኪያ ያለው ጂፒኤስ የዳገቱን ተዳፋት በመቶኛ ያሳያል፤ ዳገት ለሚለማመድ ሰው ይህ ከአማካይ ፍጥነት ይበልጣል። ጥንቃቄው የግፊቱን ቀዳዳ ውኃ እንዳይዘጋው ነው፤ ከተዘጋ ከፍታው ይዛባል። ሳይንቀሳቀሱ ሳተላይት እስኪይዝ መጠበቅም ያስፈልጋል፤ ረጅም ጊዜ ሳይበራ ከቆየ ወይም አዲስ አገር ከተወሰደ ደቂቃዎች ይፈጅበታል።

የማግኔቱ ወገን

ተዳፋት የሚፈልግ ይግዛው። ፍጥነትና ርቀት ብቻ ለሚፈልግ ግን ከመክፈልዎ በፊት ሱቅ ውስጥ ይሞክሩት። ማግኔቷ ሴንሰሩ ላይ ባለው ምልክት ትይዩ ትለፍ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ5 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስተው ያሽከርክሩና ቁጥሩ ሳይቆራረጥ መውጣቱን ይዩ። ከዚያ ጎማውን አቁመው መብራቱን መሪው ላይ ያብሩት፤ ቁጥሩ ከዜሮ ከተነሳ መብራቱን ወደ መሪው ሌላ ጫፍ ያርቁ። አሁንም ካልተወ ለሻጩ መልሱለት።