የሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሲለማ ቄጠማው አይነቀል

ስለ ሐዋሳ በተወራ ቁጥር አንድ ቅሬታ አይጠፋም። "ይህን የመሰለ ሐይቅ ይዛ ዳርቻው ገና አልለማም" ይባላል። አዲስ አበባ ወዳጅነት ፓርክንና እንጦጦ ፓርክን ሠርታለች። የኮሪደር ልማቱም ከአዲስ አበባ ወጥቶ ክልል ከተሞች ደርሷል፣ ሐዋሳንም ጨምሮ። ታዲያ ቀጣዩ ተራ የሐይቁ ነው የሚል ሰው ብዙ ነው። እኔም ይልማ ባይ ነኝ። ግን ሐይቅ ዳር ይልማ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ቄጠማው ተነቅሎ፣ ጭቃው ተደልድሎ፣ እስከ ውኃው ጫፍ ድረስ ንጣፍ ድንጋይና አጭር ሣር ነው። እዚህ ላይ አልስማማም። እንዲህ ከተሠራ ፎቶው ያምራል፣ ሐይቁ ግን ይጎዳል።

ከተማዋ በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስትቆረቆር ጀምሮ ሐይቁን ተጠግታ ነው ያደገችው። ሜዳ ናት፣ ሳይክል እንደልብ ይነዳባታል፣ ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ቀጥ ብላችሁ ከወረዳችሁ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው የሐይቁ መዝናኛ ዳርቻ ትደርሳላችሁ። ታቦር ተራራ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ላየ ሰው ከተማውና ሐይቁ በዛፍ ተያይዘው ነው የሚታዩት። ሌላ ከተማ ብዙ ገንዘብ አፍስሶ ሰው ሠራሽ ኩሬ ይቆፍራል። ሐዋሳ ወደ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ሐይቅ በደጇ አላት። አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያ ያሉት ትልልቅ ዛፎች ደግሞ በአንድ የበጀት ዓመት የሚበቅሉ አይደሉም።

አሞራ ገደልን ማየት ጠዋት ነው። ጀልባዎቹ ውኃ ውስጥ ያደረ መረባቸውን ሰብስበው ይመጣሉ። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከመረቡ ዓይን አንድ በአንድ ያላቅቃሉ። አንዱ ቅርፊቱን ይፍቃል፣ ሌላው በቀጭን ቢላ ከጀርባው በኩል ገብቶ ሥጋውን ከአጥንቱ ያነሣል፣ ግራና ቀኙን አውጥቶ አጥንቱን ወደ ጎን ይወረውራል። አባ ኮዳ እዚያው ነው። ያ ራሱ መላጣ፣ ቁመቱ ልጅ የሚያህል ወፍ ከሰው እግር ሥር ቆሞ ይጠብቃል፣ የተጣለለትን አንሥቶ አንገቱን ቀና አድርጎ ይውጣል። አጠገቡ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበላ አለ፣ ሾርባና ጥብስ የሚጠብቅ አለ። ከላይ ጉሬዛው ጅራቱን አንጠልጥሎ ቅጠሉን ይበላል። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የሚመጣው እንግዳ የሚመጣው ይህን ሊያይ ነው። ሣርና ፋውንቴንማ እዚያው አዲስ አበባም አለው።

አሁን ወደ ሐይቁ ልግባ፣ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነውና።

የሐዋሳ ሐይቅ በጣም ጥልቅ አይደለም። ጎረቤቱ ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ሲጠልቅ፣ ሐዋሳ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍም። የሚፈስበት መውጫ ወንዝም የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ ክረምት ሲሆን ከየአቅጣጫው ጎርፍ ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ ውኃው ወይ ይተናል ወይ ወደ መሬት ይሰርጋል። ደለሉ፣ ፕላስቲኩ፣ የእጥበት ሳሙናው፣ ከማሳ የታጠበው ማዳበሪያ ግን አብሮ አይተንም። አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ወንዝ ቢሆን ኖሮ ቆሻሻውን ይዞት ይሄድ ነበር፣ ሐይቁ ግን የት ይወስደዋል?

ድሮ ይህን ሸክም የሚያቀልለት ቦታ ነበር፣ ጨለለቃ ይባላል። ከወንዶ ገነት በኩል ከደጋው የሚወርዱት ጅረቶች መጀመሪያ እዚያ ይገባሉ፣ ውኃው ይረጋጋል፣ አፈሩ ይዘቅጣል፣ ከዚያ ነው ጥቁር ውኃ ሆኖ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ጨለለቃ ራሱን የቻለ ትንሽ ሐይቅ ነበር። ዛሬ አብዛኛው ረግረግና የከብት ግጦሽ ሆኗል። የላይኛው ተራራ ዛፉ ተመንጥሮ ታረሰ፣ አፈሩ ታጥቦ ወረደ፣ ጨለለቃ ሞላ። እሱ ሲሞላ ደግሞ ደለሉ ወደ ሐዋሳ ቀጠለ። ደለል የገባበት ሐይቅ ወለሉ ከፍ ይላል፣ ውኃው ወደ ጎን ይሰፋል። በ1990ዎቹ ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማዋ ሲጠጋ ዳርቻው ላይ ግድብ እስከ መሥራት ተደርሶ ነበር፤ የጨነቃቸው ሰዎች ዛሬም ያስታውሱታል።

እንግዲህ ከጨለለቃ ወዲህ ለሐይቁ የቀረለት መከላከያ ዳርቻው ላይ የበቀለው ቄጠማና ፊላ ነው። ጎርፍ ቄጠማ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ያዘለውን አፈር እዚያው ይጥላል። ሥሩ ዳርቻውን ቆንጥጦ ይይዛል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣና ሞገዱ ሲመታ መሬቱ አይናድም። የዓሣውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቆሮሶ የሚራባው ዳር ዳሩን፣ ብዙ ጥልቀት በሌለው ውኃ ነው። ወንዱ ወለሉን ቆፍሮ ጎጆ ያዘጋጃል፣ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፣ ጫጩቶቹም አምባዛ የሚባለው ትልቅ ዓሣ እንዳይውጣቸው ሣሩ መሃል እየተደበቁ ያድጋሉ። ዳርቻውን በድንጋይ ስንገነባው የምናጠፋው ይህንን መዋለ ሕፃናት ነው። ከዚያ በኋላ ዓሣ ቀነሰ፣ ዓሣ ተወደደ ማለት ይመጣል።

"ቄጠማ ትንኝ ያራባል" የሚሉ አሉ፣ ወባ ደግሞ ሐዋሳ ላይ ቀልድ አይደለም። ትንኝ ቄጠማ ውስጥም አለ፣ ይህን አልክድም። ግን የተዘጋ የጎርፍ ቱቦ፣ ግንባታ ቦታ ላይ ተቆፍሮ የተረሳ ጉድጓድ፣ ውኃ ያቆረ አሮጌ ጎማ፣ ሁሉም ትንኝ ያራባሉ፣ እነዚህ ቦታዎች ደግሞ የትንኝ እጭ የሚበላ ዓሣ የለባቸውም። ከወባ ለመዳን ከሆነ እነሱን አስቀድመን እንድፈን። "እይታ ይጋርዳል" ለሚለው መፍትሔው ቀላል ነው። ቄጠማውን ሳይነኩ ከላዩ ከፍ ያለ የእንጨት መተላለፊያ መዘርጋት ይቻላል። ሰው በመሃሉ እየሄደ ወፉን በቅርብ ያያል፣ ልጆችም ይደሰታሉ፣ ጫማም አይጨቀይም። በየተወሰነ ርቀት አንዳንድ ክፍት ቦታ መተው ነው፣ ለጀልባና ለፎቶ።

ስለ ዛፉም የምለው አለኝ። መናፈሻ ሲሠራ መጀመሪያ የሚመጣው ሣርና አበባ ነው። አጭር ሣር በጋ ላይ ውኃ በየጊዜው ይፈልጋል፣ ማዳበሪያ ይፈልጋል፣ ማዳበሪያው ደግሞ ሐይቅ ዳር ከሆነ ዞሮ ዞሮ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ውኃው በማዳበሪያ ሲጠግብ አልጌው ይበዛል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይሸታል። ዋርካና ሾላ ግን አንዴ ከያዙ ማንንም አያስቸግሩም። ጥላቸው ሥር ሰው ይቀመጣል፣ ፍሬያቸውን ወፍ ይበላል። እባካችሁ ለመንገድ ማስፋፊያም ሆነ ለመናፈሻ ተብሎ ትልቅ ዛፍ ሲቆረጥ "በምትኩ ይህን ያህል ችግኝ ተክለናል" አትበሉን። የጉልበት ቁመት ያለው ችግኝ ለጉሬዛም ለአዛውንትም ጥላ አይሆንም፣ ለዚያ ሠላሳና አርባ ዓመት መጠበቅ አለብን። መንገዱ ትንሽ ይጠምዘዝ፣ ዛፉ ይቁም።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጉዱማሌ አለ። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጨምበላላ የሚከበርበት ሜዳ ነው። ሰፊ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ሐይቁም ቅርቡ ነው፣ ሕዝብ በብዛት ገብቶ ይጨፍርበታል። ውበቱ ክፍትነቱ ነው።

ክፍትነት ካነሣሁ አይቀር፣ የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር አጥር ነው። ቢሾፍቱን አስቡ። በአንድ ከተማ ውስጥ ይህን ያህል ሐይቅ ያላት ቦታ አገራችን ውስጥ ሌላ አላውቅም። ግን ባቦጋያን ወይም ኩሪፍቱን ተረጋግቶ ለማየት አብዛኛውን ጊዜ በሆቴል በር ገብቶ የሆነ ነገር ማዘዝ ግድ ይላል። የከተማው ልጅ ሐይቁን በአጥር ቀዳዳ ያያል። ሐዋሳ ላይም ሪዞርቶች አሉ፣ ጥሩ ሥራ ሠርተዋል፣ ለብዙ ሰው እንጀራ ሆነዋል፣ ይጨመሩም። ግን በሪዞርቱና በውኃው መካከል ማንም ሰው ሳይከፍል የሚሄድበት መንገድ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት። እሑድ ከሰዓት ፍቅር ሐይቅ የሚሄደውን ሰው ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ልጆች ናቸው፣ ከየገጠሩ መጥተው ተከራይተው የሚኖሩ። ተማሪዎች ናቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው። ልጆቹን ባጃጅ ላይ አሳፍሮ የመጣ አባት ነው። ቆሎና ለውዝ የምታዞር ልጅ ናት። እነዚህ ሰዎች ሌላ መዝናኛ የላቸውም። በር ላይ ትኬት ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚቀሩት እነሱ ናቸው።

በነገራችን ላይ ለጦጣና ለጉሬዛ ሙዝና ብስኩት መስጠት ብንተው ደስ ይለኛል። ጉሬዛ ቅጠል በል ነው፣ ሆዱ ለብስኩት አልተሠራም። ጦጣው ደግሞ ከለመደ ከሕፃን እጅ ነጥቆ ነው የሚሄደው።

አንዳንዱ ሰው "ሐይቅ የት ይሄዳል?" ይላል። ሐረማያ ሄዷል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ሲሰጥ የኖረ ሐይቅ ነበር፣ በአንድ በኩል ለመስኖ እየተሳበ፣ በሌላ በኩል ደለል እየሞላው፣ በ1990ዎቹ ወለሉ ተሰነጣጥቆ ከብት ተሰማራበት። በኋላ ውኃው ቢመለስም እስከዚያው ሐረር የጠጣችው ከሩቅ የመጣ ውኃ ነው። ሐዋሳ ነገ ይደርቃል አላልኩም። ደለልና ቸልተኝነት ሲገናኙ ምን እንደሚያደርጉ ግን አገራችን ውስጥ አይተነዋል።

ስለዚህ በጀት ካለ ከማይታየው ሥራ ይጀመር። ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚወርዱት የጎርፍ ቱቦዎች አፋቸው ላይ ደለል የሚጠራቀምበት ጉድጓድና ፕላስቲክ የሚያግድ ወንፊት ይሠራላቸው፣ ክረምት ሳይገባም ይጠረጉ። ባዶ ሃይላንድና ፌስታል አሁን በቱቦው በኩል ሰተት ብለው ነው የሚገቡት። ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል፣ እሱ ሐይቅ ዳር ካሉት ሱቆችና ካፌዎች ቢጀመር ማን ይቃወማል? ተሽከርካሪና ባጃጅ ሐይቁ ዳር ማጠብም ይቅር፣ ለአጣቢዎቹ ልጆች ግን ከውኃው ራቅ ያለ፣ የራሱ ማጣሪያ ጉድጓድ ያለው ቦታ ይሰጣቸው። ዝም ብሎ ማባረር ማታ መጥተው እንዲያጥቡ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም ደፍሮ አያነሣውም። ሽንት ቤት። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማዋ በእንግዳ ትጨናነቃለች፣ ከንግሥ በኋላ ብዙው ሕዝብ ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ያ ሁሉ ሰው የት ይሂድ? ሴቶችስ? አሁን መሄጃው ያው ቄጠማው ጥግ ነው፣ ከዚያ በዝናቡ ታጥቦ ወደ ውኃው ይገባል፣ ሕፃናት ወደሚዋኙበት። ከውኃው ራቅ ብሎ፣ በየተወሰነ ርቀት፣ ውኃ ያለው፣ ጠባቂ የተቀጠረለት ንጹሕ ሽንት ቤት ይሠራ። ለሥራ አጥ ወጣቶች ተሰጥቶ በትንሽ ክፍያ ቢያስተዳድሩት የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም። የሚቀጥለው ሐምሌ 19 ሳይደርስ ይህ ብቻ እንኳ ቢሠራ፣ ፋውንቴኑ ለሌላ ዓመት ቢቆይ ግድ የለኝም።